ሚትቦል በሽንኩርትና በቺዝ ሶስ፦ ውሃው የት ገባ?

ከኦቨን የወጣ ሚትቦል አንዳንዴ ሹካ ሲነካው ይከፈላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጥርስ ይፈትናል። ሥጋው ከአንድ ሉካንዳ የተገዛ ቢሆንም ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃ ነው። በዚህ ምግብ ውሃው ከሥጋው እንዳይወጣ፣ ከሽንኩርቱ ግን እንዲወጣ እንፈልጋለን፤ ሶሱ ውስጥ ደግሞ ከስቡ ጋር ሳይለያይ እንዲቆይ።

የሥጋ ፕሮቲን ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም ውሃውን ይተፋል። መፍትሔው በወተት የራሰ ዳቦ ነው። ለግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ቅርፊቱ የተነሳለት ሁለት ቁራጭ ዳቦና ሲሶ ኩባያ ወተት ይበቃል። የዳቦው ስታርች በፕሮቲኖቹ መሃል ገብቶ አጥብቀው እንዳይያያዙ ያደርጋል፣ እርጥበቱንም ይይዛል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከፕሮቲኑ ጥቂቱን አሟሙቶ ሥጋውን ያጣብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያበዛዋል፤ ሥጋው እንደ ሊጥ ከታሸ ማጣበቂያው በዝቶ ሚትቦሉ ይደርቃል። ጣት ላይ መያያዝ ሲጀምር እጅን ማንሳት ነው።

ድብልብሎቹ የዋልነት ፍሬ ያህል ካከሉ፣ ቀድሞ 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ክትፎ የለመደ ሰው ለብለብ አድርጎ ሊያወጣው ይቃጣዋል፤ እኔ አልመክርም። በሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚገኘው ከላይ ሲሆን፣ ሥጋው ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ስለዚህ መሃሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ወደ ሽንኩርቱ እንምጣ፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ከቀይ ሽንኩርት ክብደት ከመቶ ወደ 90 የሚጠጋው ውሃ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ቡናማውን ቀለምና ጣፋጭ ጠረን የሚፈጥረው ለውጥ ደግሞ በደንብ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ቁሌት ስናወጣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት የምናንተከትከው ውሃውን ለማባረር ነው፤ እናቶቻችን ቴርሞሜትር አላስፈለጋቸውም። ለዚህ ሶስ ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት በስሱ ተከትፎ፣ በቅቤ፣ በመካከለኛ እሳት 40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳ ጣል ማድረግ ቀለሙን ያፋጥነዋል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱን ያላሽቀዋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ነስንሶ ትንሽ ማመስ፣ ከዚያ ሁለት ኩባያ ትኩስ መረቅ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር። ከሚትቦሉ ትሪ ላይ የወረደውን ጭማቂም ስቡን ገፍፎ እዚሁ መጨመር እንጂ መድፋት ነውር ነው!

ቺዝ ውስጥ ፕሮቲኑን እርስ በርስ የሚያያይዘው በዋናነት ካልሲየም ነው፤ ስቡም በዚያ መረብ ውስጥ ተይዟል። በልኩ ሲሞቅ መረቡ ላላ ብሎ ይቀልጣል። ሲፈላ ግን ፕሮቲኑ ተጨማዶ ይጓጉላል፣ ስቡም ቅባት ሆኖ ይንሳፈፋል። የዱቄቱ ስታርች በመሃል እየገባ ይህን ይከላከላል፤ ሆኖም ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ መንተክተኩ ሲቆም፣ 150 ግራም የተፋቀ ቺዝ እፍኝ በእፍኝ መጨመር ይሻላል። ብዙ ያልቆየ ጎዳ ለስላሳ ሶስ ይሰጣል፤ ፕሮቮሎኔ ይሳባል፣ መሳቡን ለሚወድ። የአገራችን አይብ ግን እዚህ አይሆንም። አሬራው ውስጥ ያለው አሲድ ካልሲየሙን ስላወጣውና ፕሮቲኑ በእሳት ስለረጋ፣ እንደገና ሲሞቅ ውሃውን ይተፋል እንጂ አይቀልጥም።

ሚትቦሎቹን ሶሱ ውስጥ ከትቶ ለአምስት ደቂቃ ወደ ኦቨን መመለስ ይበቃል። የተረፈው በማግስቱ ሲሞቅ በዝግታ እሳት ጥቂት ወተት ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው፤ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ስታርቹና ቺዙ ስለሚረጉ ሶሱ ጠጥሮ ያድራል።