ለእናት የወጣ የአንድ ቀን ሒሳብ

በእስራኤሏ ቂርያት መላኪ ከጠዋቱ ፈረቃ የቀረ ሠራተኛ ሁሉ የታመመ አይደለም። አንዳንዱ እናቱን ይዞ ሬሆቮት ካፕላን ሆስፒታል ወረፋ ይጠብቃል። ሐኪሙ የሚለውን ያስተረጉምላታል፤ ፊደል ስላልቆጠረች በመድኃኒቱ ሣጥን ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ይሥልላታል። በገዴራም በያቭኔም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰለሞን ከኢትዮጵያ የመጡት ወላጆች አርጅተዋል። ያኔ ታዝለው የመጡት ልጆች ዛሬ የሙሉ ቀን ሠራተኞች፣ የቤት ዕዳ ከፋዮች፣ የራሳቸው ልጆች አሳዳጊዎች ናቸው።

ሕጉ ይህን ጨርሶ አልዘነጋም። በ1993 የወጣው የወላጅ ሕመም ሕግ ዕድሜው 65 የሞላ ወላጅ ያለው ሠራተኛ፣ ሐኪም ወላጁ በሰው እርዳታ ላይ መውደቁን ሲያረጋግጥ፣ ከራሱ የሕመም ቀናት በዓመት እስከ 6 ቀን እንዲወስድ ይፈቅዳል። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በግማሽ፣ ከአራተኛው ጀምሮ በሙሉ ይከፈላል። ስድስቱን ቀን በተከታታይ የወሰደ የ4 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ግን የሽማግሌ ነገር እንዲህ በተከታታይ አይመጣም። ዛሬ ዓይን፣ ከወር በኋላ ስኳር፣ ከዚያ ደግሞ ጉልበት ነው። ስድስቱን ቀን ለየብቻ የወሰደ ሠራተኛ፣ እያንዳንዱ “የመጀመሪያ ቀን” ስለሚሆንበት፣ የተሻለ የኅብረት ስምምነት ከሌለው በስተቀር ምንም አያገኝም።

በቁጥር እንየው። በሚያዝያ 2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,247.67 ሼቄል ነበር፤ በሰዓት 34.32። በዚያ ስሌት የስምንት ሰዓት ቀን 274.56 ሼቄል ይሆናል። ስድስት ነጠላ ቀን ማለት ወደ 1,647 ሼቄል፣ ከወር ደመወዝ ሩብ በላይ ነው። ተራ ክትትል ከሆነማ ሕጉም አይሸፍነውም፤ ከዓመት ዕረፍት ይቀነሳል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ አዲስ ሠራተኛ 12 ቀን ብቻ ነው።

አሠሪውስ አተረፈ? ለቀረበት ቀን ባይከፍልም ክፍተቱን በትርፍ ሰዓት ከሞላው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት 125፣ ከዚያ በኋላ 150 በመቶ ይከፍላል። ከዚህ የሚከፋው በሒሳብ መዝገብ የማይገባው ነው። ወላጅን መጦር ግዴታ ስለሆነ ለአለቃ መናገር ያሳፍራል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይገባል። እጁ ማሽኑ ላይ ነው፤ ጆሮው ስልኩ ላይ። ከእንዲህ ያለ ሠራተኛ ስህተት ቢመጣ፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ቢታመም፣ መጨረሻም ሥራውን ቢለቅ፣ ኪሣራው ለአሠሪው ነው። አዲስ ሰው እስኪሠለጥን ስንት ወር ይወስዳል!

የቢቱዋሕ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን ተቋም) የሲዑድ (የአረጋውያን እንክብካቤ) ድጎማ ሸክሙን ያቀልላል። ከ2018 ማሻሻያ ወዲህ ስድስት ደረጃ አለው፤ እስራኤላዊ ተንከባካቢ ለቀጠረ በሳምንት ከ5.5 እስከ 30 ሰዓት ይሰጣል። ነገር ግን የልጁ ሙሉ የሥራ ሳምንት 42 ሰዓት ነው፤ መንገዱ ሳይቆጠር። እናትየው ከፍተኛውን ደረጃ ብታገኝ እንኳ 12 ሰዓት ይጎድላል።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ግን ትርጉሙ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ታካሚውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያገለግሉ አዟል፤ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚም አለ። ልጅ እናቱን ሊደግፍ ቢሄድ ወግ ነው። ለማስተርጎም ብቻ ሲሄድ ግን ተቋሙ ሊያቀርበው የሚገባውን አገልግሎት ከራሱ ደመወዝ ይከፍላል። ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። አሠሪዎችም የሐኪም ቀጠሮ ቀድሞ የሚታወቅ ነውና ፈረቃ መለዋወጥን ፍቀዱ፤ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ይረክሳል። ሠራተኛውም በትሉሹ (በደመወዝ ወረቀቱ) ላይ የተጠራቀመውን የሕመም ቀን ይመልከት፤ የሐኪሙን ማረጋገጫም ከቀረ በኋላ ሳይሆን ከመቅረቱ በፊት ያውጣ።