«ሩጫ በደማችሁ ነው» ሲሉን፦ የረጅም ርቀት ሯጭ ሥራ ከውስጥ

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሌሎቹን ቀድማችሁ ስትገቡ «እናንተ ኢትዮጵያውያን እኮ ሩጫ በደማችሁ ነው» የተባላችሁ ብዙ ናችሁ። ሙገሳ ይመስላል። እኔን ግን አይመቸኝም፤ ሰው የለፋበትን ሥራ ነጥቆ ለደሙ ይሰጥበታልና።

ማሩ ተፈሪን እንውሰድ። ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የመጣ ማራቶን ሯጭ ነው። በ2016 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በሪዮ ኦሎምፒክ ሲሮጥ የ24 ዓመት ወጣት ነበር፤ 74ኛ ወጣ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ 13ኛ ሆነ። በ2022 ሙኒክ ላይ፣ በአውሮፓ ሻምፒዮና፣ በ2 ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር አገኘ፤ ጋሻው አያሌ ነሐሱን ወሰደ፣ ቡድኑም በድምር ወርቅ አመጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጃፓን ሄዶ የፉኩኦካ ማራቶንን በ2፡06፡43 አሸነፈ። በ2023 ደግሞ ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮና ብር። ከ74ኛ ተነስቶ የዓለም ሁለተኛ እስኪሆን ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል። ደሙ እኮ ሪዮም ላይ ያው ነበር!

ታዲያ በነዚህ ዓመታት ምን ይሠራል? አንድ ማራቶን ሯጭ ለውድድር ሲዘጋጅ በሳምንት ከ160 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ። የሚገርመው፣ አብዛኛው በዝግታ የሚሮጥ ነው። በኃይል የሚሮጥባቸው ቀናት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። የቀረው ጊዜ መብላት፣ መታሸት፣ መተኛት ነው፤ እንቅልፉም ከሥራው ይቆጠራል።

ከዚያ የከፍታው ጉዳይ አለ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ለዚህ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲመለሱም ጥቅሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ቴል አቪቭ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ አጠገብ ያለችው ሱሉልታ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ስለዚህ የእስራኤል ሯጮች ቤተሰብ ትተው ወደ ኢትዮጵያ ወይም ወደ ኬንያ ይሄዳሉ። እንግዲህ ደሙም ቢሆን በሥራ የሚገኝ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡስ? ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄንን ነው። ሰውነት ቶሎ ስለማያገግም አንድ ታዋቂ ሯጭ በዓመት ሁለት ማራቶን ቢሮጥ ነው፤ የዓመቱ ገቢ በሁለት ጠዋት ላይ ተንጠልጥሏል። ለቡዳፔስት ብር የተመደበው ሽልማት 35,000 ዶላር ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ሽልማት ግብር ይነሳል፣ ወኪልም ድርሻውን ይወስዳል። ትልልቅ የከተማ ማራቶኖች ለስመ ጥሮች የመሳተፊያ ክፍያ ይሰጣሉ። የጫማ ኩባንያ ውልም አለ፤ ነገር ግን ብዙ ውሎች ውስጥ ሯጩ ውጤት ካጣ ወይም ከተጎዳ ክፍያው ይቀነሳል የሚል አንቀጽ ይገባል። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጅማቱ የታመመበት ሯጭ የስድስት ወር ልፋቱን ያጣል። ባጭሩ ሯጭ አጽማኢ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ የገዛ እግሩ።

አብዛኞቹ ሠላሳዎቹን ሳይጨርሱ ያቆማሉ። አየለ ሰጠኝን (ኃይሌ ሳታይን እየተባሉም ይጻፋሉ) ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1991 ነው ወደ እስራኤል የመጡት። በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ49 ዓመታቸው ሮጠው 20ኛ ወጡ፤ ቤጂንግም ላይ በ53 ዓመታቸው ተሰለፉ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አይገኝም፤ ወላጆች እሳቸውን አይተው «ጊዜ አለህ» እንዳይሉ።

«ወንድሜ ሩጫ ይችላል፣ ትምህርቱን ይተው?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ክለብ ይግባ፣ በአጫጭሩ ርቀት ይጀምር፣ ማራቶኑን ለኋላ ያቆየው። ጎበዝ ከሆነ ሠራዊቱ ውስጥ «ስፖርታይ ሚጽታየን» የሚባል ደረጃ አለ፤ ለልምምድ ጊዜ ይሰጡታል። ባግሩቱን ግን ይጨርስ፤ ጅማት ባግሩት እስኪያልቅ አይጠብቅም።