ገንዘብ ተይዞ የማይገዛው ሰዓት

ወደ ዱባይ ለንግድ የሚመላለሱ ሰዎች በአንድ ነገር ሳይገረሙ አይቀሩም። በከተማዋ ትላልቅ የገበያ አዳራሾች ውስጥ በሚገኙት የሮሌክስ መደብሮች መስታወት ሥር ሰዓቶቹ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ገዢ ገብቶ «ይኼኛውን አውጡልኝ» ሲል ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ይህ ለእይታ ብቻ ነው» የሚል ነው። ከዚያ በትሕትና ወንበር ይቀርብለታል፤ ቡና ወይም ውኃ ይጋበዛል፤ ስሙና ስልኩ ይመዘገባል። በመጨረሻ ባዶ እጁን ይወጣል። ዴይራ አካባቢ ባሉ ሰዓት ነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ ያው ሰዓት ከነሳጥኑና ከነዋስትና ካርዱ ያለ አንዳች ወረፋ ይገኛል። ዋጋው ብቻ ከመደብሩ ዋጋ ይበልጣል፤ አንዳንድ ጊዜም በእጥፍ።

ለመሆኑ ገንዘብ ቆጥሮ የመጣን ገዢ የሚመልስ ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? ሌላው ሱቅ በእጥፍ የሚሸጠውን ዕቃ እሱ በግማሽ ዋጋ ይዞ፣ በዚያም ላይ አልሸጥም ማለቱ ከንግድ ሕግ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ሒሳቡ የተጣራ ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ዴይቶና የተባለው የሮሌክስ ሰዓት ነው። ለመኪና እሽቅድምድም ታስቦ በ1963 ገበያ ላይ ዋለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2016 በመስታወቱ ዙሪያ የሴራሚክ ቀለበት ያለው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራው ዓይነት ሲወጣ የአሜሪካ መሸጫ ዋጋው 12 ሺሕ 400 ዶላር ነበር። ወርቅ የለውም፣ አልማዝ የለውም። ይሁን እንጂ በ2022 መጀመሪያ ላይ ያው የብረት ሰዓት ከወኪል መደብሮች ውጪ ባለው ገበያ ከ40 ሺሕ ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ በዚያው ጊዜ የመደብሩ ዋጋ ገና 15 ሺሕ ዶላር አልሞላም ነበር። በአንድ ሰዓት ላይ ከ25 ሺሕ ዶላር የማያንስ ልዩነት መሆኑ ነው። ሲሚንቶ በጠፋበት ወቅት በፋብሪካው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል የነበረውን ክፍተት የሚያስታውስ ነጋዴ የቀረውን ታሪክ ለመገመት አይቸገርም።

ዋናው ጥያቄ ይህን ልዩነት ማን ይወስደዋል የሚለው ነው። ኩባንያው አይወስደውም፤ ሰዓቱን የሚሸጠው በዝርዝር ዋጋው መሠረት ነው። ወኪሉም በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። ከተወሰነው ዋጋ በላይ የሚያስከፍል ወይም ሰዓቱን በጓሮ በር ለነጋዴ የሚያሳልፍ መደብር ውክልናውን ሊነጠቅ ይችላል። ውክልናውን ያጣ ሰዓት ቤት ደግሞ የገቢውን ዋና ምንጭ አጣ ማለት ነው። እንግዲህ ትርፉ ወረፋው ለደረሰው ገዢ እንደ ስጦታ የሚሰጥ ነው ማለት ይቻላል። ስጦታ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ለማን እንደሚሰጥ ይመርጣል። የወኪሉ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «የወረፋ መዝገብ» የሚለውን ቃል እንደ ታክሲ ሰልፍ አድርገው ሲረዱት ነው። ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ አይስተናገድም። መደብሩ በዓመት ስንት ዴይቶና እንደሚደርሰው ወይም የትኛው ሰዓት መቼ እንደሚመጣ ሻጩ ራሱ አስቀድሞ አያውቅም። ሰዓቱ ሲመጣ ሻጩና የመደብሩ ኃላፊ ቁጭ ብለው የሚያዩት የደንበኛውን ታሪክ ነው። ከዚህ ቀደም ምን ገዛ? ለሚስቱ ገዝቷል? የከተማው ነዋሪ ነው ወይስ አላፊ መንገደኛ? የገዛውን ሰዓት አስሮ ይታያል ወይስ በሳምንቱ በሌላ ሱቅ መስታወት ሥር ተገኘ?

ይህ ነገር በእኛ አገር የታወቀ ስም አለው፤ ደጅ መጥናት ይባላል። ባለ ሥልጣን ደጅ እንደሚጠናው ሁሉ የሰዓት ወኪልም ደጁ ይጠናል። ጥናቱ ግን በባዶ እጅ አይደለም። ደንበኛው በቀላሉ የሚገኙትን ሰዓቶች፣ ግማሽ ወርቅ ግማሽ ብረት የሆኑትን፣ የሴቶቹን፣ አንዳንድ ጊዜም ወኪሉ የሚሸጣቸውን ሌሎች ጌጣጌጦች እየገዛ ስሙን ያስጠራል። ይህን ግዛ ብሎ በግልጽ የሚናገር ሻጭ እምብዛም የለም፤ በወረቀት ላይ የሰፈረ ደንብም አይገኝም። ነገሩ በመግባባት የሚሄድ ነው። ተፈላጊውን ዕቃ ለማግኘት የማይፈለገውን አብሮ መግዛት ደግሞ ለአዲስ አበባ ሸማች አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ገዢ 15 ሺሕ ዶላር የሚያወጣውን ሰዓት ለማግኘት ሲል የማይፈልገውን የ10 ሺሕ ዶላር የአንገት ጌጥ ገዛ እንበል። ጌጡን መልሶ ሊሸጥ ቢያወጣው 4 ሺሕ ዶላር ብቻ ቢያገኝ 6 ሺሕ ዶላር ከሰረ። የሰዓቱ እውነተኛ ዋጋ እንግዲህ 21 ሺሕ ዶላር ሆነ ማለት ነው። በጎን ገበያው 25 ሺሕ ዶላር የሚጠራ ከሆነ ደጅ በመጥናት ያተረፈው 4 ሺሕ ነው፤ ያውም የጠበቀበት ጊዜ ሳይታሰብ። የጎን ገበያው ዋጋ ወደ 20 ሺሕ ቢወርድ ደግሞ በወኪሉ ዋጋ ገዛሁ ብሎ የተደሰተው ሰው ከዴይራው ገዢ በላይ ከፍሏል። ይህን ደረሰኙ አይነግረውም።

በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚሰጡት ምክር እምብዛም አይለያይም። አሥር መደብር ከማዳረስ አንድ መደብርና አንድ ሻጭ ይዞ መቆየት ይሻላል። የፈለጉትን ሰዓት ዓይነቱንና የመልኩን ቀለም ለይቶ መናገር፣ የሚገዛበት ምክንያት ካለ (ሠርግ፣ የልጅ መወለድ፣ ጡረታ) በቅንነት ማንሳት ይጠቅማል። «የተገኘውን ስጡኝ» የሚል ገዢ ነጋዴ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። የጎን ገበያውን ዋጋ በመደብሩ ውስጥ ማንሳትም አይወደድም። ዴይቶናን ብቻ ያሉ ሰዎች ዓመታት ሲጠብቁ ዴይትጀስት ወይም ኤክስፕሎረር የፈለጉት በወራት ውስጥ ይዘው የወጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሰዓቱ ዕለት ሲደርስ እንኳ ጥንቃቄው አያልቅም። አንዳንድ መደብሮች በሰዓቱ ላይ የተለጠፈውን መከላከያ ፕላስቲክ ገዢው ፊት ይልጡታል፤ ያልተነካ ዕቃ ነው ተብሎ በጎን ገበያ እንዳይቸበቸብ ነው። የዋስትና ካርዱን ለተወሰነ ጊዜ ይዘው የሚያቆዩም አልታጡም። የሰዓቱ ተከታታይ ቁጥር ከገዢው ስም ጋር ስለሚመዘገብ ሰዓቱ በሌላ ሱቅ ቢገኝ ማን እንዳወጣው ማወቅ አያዳግትም። ያ ደንበኛ ያን ጊዜ ሁለተኛ ስልክ አይደወልለትም።

«ታዲያ ኩባንያው ለምን ዋጋውን ወደ 30 ሺሕ ከፍ አድርጎ ትርፉን ራሱ አይወስድም?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። መልሱ ያለው በባለቤትነቱ ላይ ነው። ጀርመን የተወለደው ሃንስ ቪልስዶርፍ ንግዱን በ1905 በለንደን ጀምሮ ኋላ ወደ ጄኔቫ አዛወረው። በ1945 ደግሞ በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ፤ ዛሬም የሮሌክስ ባለቤት ይኸው ድርጅት ነው። አክሲዮን ገበያ ላይ የለም። በየሦስት ወሩ ትርፍ አምጣ የሚል ባለ አክሲዮን የለበትም። ስለዚህ የዛሬውን ትርፍ ትቶ ሰዓቱ መቼም ዋጋው አይወርድም የሚለውን እምነት መጠበቅ ይችላል። በየመደብሩ ደጅ የሚጠናው ሰውም ያልተከፈለበት ማስታወቂያ ነው።

ኩባንያው በ2021 በሰጠው መግለጫ እጥረቱ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ስልት አለመሆኑን፣ ጥራቱን ሳይቀንስ ፍላጎቱን ሁሉ ማሟላት እንደማይቻል ገልጾ ነበር። ቃሉን ማመንም አለማመንም የአንባቢ ፈንታ ነው። በቁጥር ሲታይ ግን ሰዓቱ ብርቅ አይደለም። የሞርጋን ስታንሊ ባንክ ከአማካሪዎቹ ጋር ባወጣው ግምት መሠረት ሮሌክስ በ2023 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዓት አምርቶ ወደ 10 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ የሚጠጋ ሽያጭ አካሂዷል። በዓመት ከሚሊዮን በላይ የሚመረት ዕቃ ብርቅ የሚሆነው በዝርዝር ዋጋው የተፈለገ እንደሆነ ብቻ ነው። ዋጋውን ለሚከፍል ዛሬውኑ አለ።

አየር በአየሩ የደራው ከ2020 በኋላ ነበር። በኮቪድ ምክንያት የስዊዘርላንድ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ተዘጉ፤ የወለድ መጠን ዝቅ ብሎ ገንዘብ ረከሰ፤ በክሪፕቶ ገንዘብ በአንድ ሌሊት የከበሩ ወጣቶች ሰዓት ፈላጊ ሆኑ። ፓቴክ ፊሊፕ ኖቲለስ የተባለውን ተፈላጊ የብረት ሰዓቱን ማምረት እንደሚያቆም በ2021 መታወቁ በእሳት ላይ ጭድ ጨመረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከቲፋኒ ጋር በጋራ 170 ፍሬ ብቻ የሚሆን ባለ ሰማያዊ መልክ ኖቲለስ አወጣ። የመደብር ዋጋው ወደ 52 ሺሕ ዶላር የነበረው የመጀመሪያው ፍሬ በኒውዮርክ ጨረታ በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገቢው ለበጎ አድራጎት የዋለ ቢሆንም ገበያው የሰማው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ከዚያ 2022 መጣ። ወለድ ጨመረ፣ ክሪፕቶው ወደቀ፣ ከጸደይ ወራት ጀምሮ የሰዓቱም ዋጋ ቁልቁል ወረደ። በጣሪያው ዋጋ ገዝተው ያከማቹ ነጋዴዎች፣ በተለይም በብድር የገዙት፣ እጃቸው ተቃጠለ። ከወኪል የገዛው ሰው ግን ወጪው ከጎን ገበያው እጅግ ያነሰ ስለነበር የታየው በወረቀት ላይ ያተረፈው ሲቀንስ እንጂ ካፒታሉ ሲነካ አይደለም። ያንኑ ሰዓት በያዙ ሁለት ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት የገዙበት በር ነበር።

ሰዓት ሀብት ነው ብለው የሚከራከሩ ወገኖች የጨረታ ታሪኮችን መጥቀስ ይወዳሉ። የአሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ የፖል ኒውማን ዴይቶና በኦክቶበር 2017 በኒውዮርክ 17.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ተበርክቶላቸዋል የተባለው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕም በ2015 ለጨረታ ቀርቦ በባለቤትነት ጥያቄ ከተነሣ በኋላ፣ በ2017 በጄኔቫ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። ነገር ግን በእነዚህ ላይ የተሸጠው የባለቤቱ ስም ነው። የሚገርመው ደግሞ ዴይቶና በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ገዢ አጥቶ በወኪሎች መስታወት ሥር የሚከርም ሰዓት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ደጅ የሚጠናው ገዢው ነበር።

ኩባንያውም የጎን ገበያውን ዝም ብሎ አላየውም። በዲሴምበር 2022 ያገለገሉ ሰዓቶችን ራሱ መርምሮና አረጋግጦ በወኪሎቹ በኩል የሚያሸጥበትን አሠራር ጀመረ። በኦገስት 2023 ደግሞ ከ1888 ጀምሮ በሰዓት ንግድ የኖረውንና ከታላላቅ ወኪሎቹ አንዱ የሆነውን የስዊዘርላንዱን ቡኸረር እንደሚገዛ አስታወቀ። ወሬው እንደተሰማ የሌላው ታላቅ ወኪል፣ የዋችስ ኦፍ ስዊዘርላንድ፣ አክሲዮን በለንደን ገበያ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ። አምራቹ ራሱ ቸርቻሪ ከሆነ የእኛ ዕጣ ምን ይሆናል የሚል ፍርሃት ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የፈረንሳይ የውድድር ባለሥልጣን ወኪሎቹን በኢንተርኔት እንዳይሸጡ ከልክሏል በሚል በሮሌክስ የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ላይ 91.6 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጥሏል። ደጁ ክፍት እንዳይሆን ምን ያህል እንደሚጠበቅ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ዱባይ ደርሶ ለሚመለስ የአዲስ አበባ ነጋዴ በሩ ይበልጥ ጠባብ ነው። ወኪሉ የሚያውቀው የከተማውን ነዋሪ ነው። በጎን ገበያ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ሊያጣራ የሚገባው ብዙ ነገር አለ። በሰዓቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና በካርዱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ሮሌክስ የአምስት ዓመት ዋስትና የሚሰጥ ሲሆን ጊዜው የሚቆጠረው ካርዱ ላይ ከሰፈረው የሽያጭ ቀን እንጂ ሁለተኛው ገዢ ከገዛበት ቀን አይደለም። ሳጥንና ካርድ ሳይቀር አስመስሎ የሚሠራ ስላለ፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ጀርባውን ከፍቶ የሚያይ ገለልተኛ ሰዓት ሠሪ መቅጠር ከሰዓቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው።

ምርቱ ይጨምራል ብሎ የሚጠብቅ ደግሞ ገና ይጠብቃል። ኩባንያው በስዊዘርላንዷ ቡል ከተማ ወደ አንድ ቢሊዮን ፍራንክ የሚፈጅ አዲስ ፋብሪካ እንደሚሠራ በ2022 ያስታወቀ ሲሆን፣ ሥራ ይጀምራል የተባለው በ2029 ነው።