ቆስጣው ይሸጥ?

ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦ ወርዶ፣ ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ምዕራብ አቋርጦ፣ ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይፈስሳሉ። እዚያ ከመድረሳቸው በፊት አቃቂ ቃሊቲን ያልፋሉ። የላይኛው ሠፈር ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካው ክሮም ሁሉ ከውኃው ጋር ይወርዳል። በወንዞቹ ዳር ደግሞ በዚያው ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ይለማል፤ ከተማዋም ገዝታ ትበላዋለች።

አንድ ገበሬ እናስብ። ቆስጣው ደርሷል፣ ነጋዴው ነገ በጠዋት ይመጣል፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ቀኑ ደርሷል። ውኃው ንጹሕ አለመሆኑን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ ቀለሙንና ሽታውን በየቀኑ ያየዋል። ይሽጥ?

ለእኛ፣ ከሩቅ ለምናነበው፣ መልሱ ቶሎ ይመጣል። አንዱ «እያወቁ መርዝ መሸጥ ነውር ነው» ይላል፤ ሌላው «ታዲያ ልጆቹ ምን ይብሉ?» ይላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱን የፈለጉት ግን ከፈረዱ በኋላ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆናታን ሃይት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ የተከራከረው ይህንኑ ነው፦ በሥነ ምግባር ጉዳይ ስሜት ቀድሞ ይፈርዳል፣ አእምሮ ተከትሎ ጥብቅና ይቆማል። ገበሬው ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ቢያድርም ሲነጋ የሚያገኘው «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይሸጠዋል» የሚል የተጠናከረ መከራከሪያ ሊሆን ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን፤ ሳይቸኩሉ የሚያፈሱም ግን ሞልተዋል። ብዙ ሰዓት ማሰብና መምከር አንድ አይደሉም።

አርስቶትል ከ2,300 ዓመታት በፊት ስለ መምከር የጻፈው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰው የሚመክረው በእጁ ባለ ጉዳይ ላይ ነው ይላል፤ ሐኪም «ላድን ወይስ አላድን» ብሎ አይመክርም፣ የሚመክረው እንዴት እንደሚያድን ነው። ነገሩ ሲከብድ ደግሞ በራሳችን ፍርድ ብቻ ስለማንተማመን ሌሎችን እንጠራለን። ይህን ይዘን ወደ ማሳው ብንመለስ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። «ልሽጥ ወይስ ልተው» የሚለው ይቀርና «ቤተሰቤን ሳላስርብ፣ የሚበላውንም ሳልጎዳ፣ በዚህ መሬትና በዚህ ውኃ ምን ላድርግ?» የሚለው ይመጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ አለው። ሁለተኛው ስንት መልስ እንዳለው ገና አይታወቅም፣ መመካከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የግብርና ባለሙያ ቢጠራ ጉዳቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ይነግረዋል። ተቅማጥ የሚያመጣው ጀርም በሙቀት ይሞታል፤ ስለዚህ በጥሬው ከሚበላ ሰላጣ ተቀቅሎ የሚበላ አትክልት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ላይም ከመልቀም በፊት ጥቂት ቀናት ማጠጣት ማቆም ጀርሙን ከሚቀንሱ ዘዴዎች አንዱ ነው። እንደ ክሮም፣ ሊድና ካድሚየም ያሉት ከባድ ብረቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በሥር በኩል ወደ ተክሉ ከገቡ እጥበትም እሳትም አያስወጣቸውም፤ ቅጠላ ቅጠልም ብዙ ጊዜ ከፍሬው የበለጠ ያከማቻቸዋል። ስለዚህ ቆስጣው ቢቀቀልም አያመልጥም። በማሳው ላይ መኖ ቢዘራ ከብረቶቹ የተወሰነው በወተት በኩል ዞሮ ሊመጣ ይችላል። አበባና የዛፍ ችግኝስ? ማንም አይበላቸውም፤ ግን ገበያቸው የት ነው? ይህን ደግሞ ባለሙያው ሳይሆን ነጋዴው ያውቃል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጨለማ የመሰለው ነገር ይከፋፈላል፤ አንዱ ክፍል የእውቀት፣ ሌላው የገንዘብ፣ የቀረው ብቻ የኅሊና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ቀድሞ የሚፈርደውን ስሜት መፈተኛ መንገድም አለ፤ ጥንታዊው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ ጥንት ፋርሶች ሲጽፍ፣ ከባድ ጉዳይ ላይ ሰክረው ይመክሩና በማግስቱ ሳይሰክሩ ዳግመኛ ያዩት ነበር ይላል። መጠጡን እንተወውና አንድን ውሳኔ በሁለት ስሜት ውስጥ ሆኖ ማየት እኛም ሽማግሌ ይዘን «ነገሩ ይደር» ስንል የምናደርገው ነው።

ግን ከማን ጋር ይመከር? የተለመደው መልስ ዕድር ነው፣ መልካም መልስም ነው፤ አንድ ገበሬ ብቻውን ሰብል ቢቀይር ይከስራል፣ ሃያ ሆነው ተስማምተው ቢቀይሩ ግን ለአዲሱ ሰብል ገዢ መጥራት ይችላሉ። ሆኖም የአንድ ዳርቻ ገበሬዎች ብቻቸውን ተቀምጠው ቢመክሩ፣ ያ የጥቅመኞች ስብሰባ ነው፤ የአንዱ ሰበብ የሌላው ማረጋገጫ ይሆናል። ቆስጣውን ከጉሊት የምትገዛው እናት በዚያ የለችም። ከአባ ሳሙኤል በታች ከብቱን የሚያጠጣው ሰውም የለም። የእነሱን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ካልተቀመጠ ውሳኔው ቢያምርም ጎዶሎ ነው።

ከሁሉም በላይ የሌለው ግን ፍሳሹን የሚለቀው ወገን ነው። ሸክሙን ሁሉ ለገበሬው ኅሊና ጭኖ የላይኛውን ዝም ማለት፣ በእኔ ግምት፣ ራሱ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። ሕጉ ይህን አልዘነጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም የሚነካው ሕዝብ አሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ እንደሚነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠው ወይም በተሰጠው ውሳኔ ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀኑ በከንቱ አልተቆረጠም፤ ማብቂያ የሌለው ምክክር ለሚበክለው እንጂ ለሚበከለው አይጠቅምም። አቤቱታውን ለማስገባት ደግሞ የአቃቂ ገበሬ መሆን አያስፈልግም፤ ቦሌ ተቀምጦ ቆስጣውን የበላውም ይችላል።