በመጠን የሚሰጥ እስትንፋስ

በእኛ አገር አንድ ሰው በአፍንጫው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተደርጎለት የታየ እንደ ሆነ፥ ጎረቤቱ ሁሉ «አለቀለት» እያለ ከንፈሩን ይመጣል። ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ኦክሲጅን የሚባለውን አብዛኞቻችን ያየነው በሐኪም ቤት፥ ያውም በጽኑ ሕሙማን ራስጌ ስለ ሆነ፥ ቱቦውን ከሞት ጋራ አያይዘን ይዘነዋል። እናቴም ይህንኑ ከሚያምኑት አንዷ ስለ ነበረች፥ ኦክሲጅን ከታዘዘላት በኋላ አራት ወር ሙሉ ከጎንደር ቤታችን ደጃፍ ሳትወጣ ተቀመጠች። «ገና ሳልሞት ያለቅሱልኛል» ትል ነበር። ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ከእናንተም መካከል በቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለው አይጠፋምና፥ በእነዚያ ወራትና ከዚያም በኋላ የተማርነውን እጽፍላችኋለሁ።

እናቴ ትምባሆ ቀምሳ አታውቅም። ነገር ግን ተወልዳ ባደገችበት በደባርቅ፥ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራለች፤ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድዳለች። የደጋ ብርድ በር ያስዘጋል፤ በሩ ሲዘጋም ጢሱ ከሰው ጋራ አብሮ ይታጎራል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ እንዲህ ባለው የቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። እኛ ግን የእናቶቻችንን ሳል የእርጅና ነው እያልን ስናልፈው ኖረናል።

ሕመሙ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። የሳንባ ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ አየርና ደም የሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶችም ይበላሻሉ። በመጀመሪያ ዳገት ያስቸግራል፥ ኋላም ደረጃ፥ በመጨረሻም ነጠላ መልበስ እንኳ ያደክማል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ሁሉ አስቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ ሊመረመር ይገባል፤ ነቀርሳው ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጠባሳም ራሱ እንደዚሁ ያለ የትንፋሽ ማጠር ያስከትላልና።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው፤ በጣና ዳርም ሆነ በራስ ደጀን ጫፍ ከመቶው የአየር እጅ ኦክሲጅን የሆነው 21 ያህል ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። የባሕር ጠረፉን ግፊት 100 ብንለው፥ 2,133 ሜትር ከፍታ ባላት በጎንደር 77 ያህል፥ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደባርቅ 70 ያህል፥ 4,550 ሜትር ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ደግሞ 57 ያህል ይሆናል። በደባርቅ አንድ ጊዜ የተሳበ ትንፋሽ በምጽዋ ከተሳበው ሲሶ ያህል ይጎድለዋል ማለት ነው። ጤነኛ የደጋ ሰው ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እንዲያውም በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን መርምሮ፥ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ሰዎች ጋራ የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። በአንዲስና በቲቤት ተራሮች ከሚኖሩት የተለየ በመሆኑ ሊቃውንቱን አስደንቋል። ነገር ግን ይህ የተፈጥሮ ጸጋ ሳንባው ደኅና ለሆነ ሰው ነው። ሳንባው የተጎዳ ሰው ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ በመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ተራራ ይወጣል።

እናቴ ኦክሲጅኑን የምታደርገው ሲጨንቃት ብቻ ነበር። ሲቀላት አውልቃ ከትራስ ሥር ትደብቀዋለች። በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በእንግሊዝ የወጡት ሁለት ታላላቅ ጥናቶች ግን፥ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን እጅግ ለወረደባቸው ሕመምተኞች ዕድሜ የሚያራዝመው በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት የተወሰደ እንደ ሆነ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ኦክሲጅን ማለት ለጭንቀት ሰዓት የሚጠበቅ ነገር ሳይሆን፥ እንደ ደም ግፊት ክኒን በየዕለቱ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

መድኃኒት በመሆኑም ልክ አለው። ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። በአንድ ሌሊት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰምቼ፥ በደቂቃ 2 ሊትር የታዘዘላትን ወደ 5 ከፍ አደረግሁት። «እፎይ፥ ልጄ» ብላ ተኛች፤ እኔም ደስ አለኝ። በማግሥቱ ጧት ራሷን አሟት፥ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት፥ የጠየቅኋትን ሳትመልስ መልሳ ታንቀላፋለች። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፥ በእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ኦክሲጅን ከመጠን ሲያልፍ ሳንባ ሊያስወጣው የሚገባው የተቃጠለ አየር፥ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። በጣት ላይ ቆንጥጦ በሚለካው መሣሪያ የሚፈለገው ቁጥር ከ88 እስከ 92 ነበር፤ እኔ ወደ 98 አድርሼው ኖሯል። ደግሞም በዚህ መሣሪያ ብቻ መተማመን አይገባም። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት፥ ቆዳቸው ጥቁር በሆነ ሰዎች ላይ መሣሪያው የኦክሲጅንን ማነስ ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በነጮቹ ላይ ከሚታየው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጿል። ቁጥሩ ደኅና ሆኖ ሰውየው የተጨነቀ ከሆነ ሰውየውን ማመን ይሻላል።

ቤታችን ውስጥ ያለው ትልቁ መኪና ኦክሲጅን አይፈጥርም። የክፍሉን አየር እየሳበ፥ ዜዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ አሳልፎ ናይትሮጂኑን ያስቀርና ከመቶ 90 በላይ ኦክሲጅን የሆነውን አየር በቱቦው ይሰዳል። ለዚህም ሥራ 300 ዋት ያህል መብራት ይበላል። መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ዝም ይላል፤ ያን ዝምታ የሚያውቀው ሕመምተኛ ያለበት ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ከበሩ ጀርባ ሲሊንደር አቁመናል። ሒሳቡን ማንም ሊያወጣው ይችላል፤ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ 1,500 ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይኖረዋል፤ በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሦስተኛው፥ እኅቴ ከባሕር ማዶ የላከችው፥ በትከሻ የሚንጠለጠል ትንሽ መኪና ነው። በባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ይሠራል፤ አየሩንም ሳያቋርጥ ሳይሆን ትንፋሽ በተሳበ ቁጥር ጭልፍ እያደረገ ይሰጣል። ለመንገድ ይበጃል፤ ለእንቅልፍ ግን ሐኪም ካልፈቀደ አይታመኑበት። ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ በመመሪያው ላይ ይጻፋል። ከጎንደር በላይ ለሚኖር ሰው ከዋጋው በፊት መነበብ ያለበት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቷ ልመለስ፤ እርሱም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበር። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፤ የነካውን ጨርቅና ጠጕር ግን በቀላሉ እንዲቀጣጠል ያደርገዋል። ዲያቆን ሳለሁ ፍም እያራገብሁ ስንት ጊዜ ጽና ለካህን አቀብያለሁ! ጧፉም፥ ሻማውም፥ ዕጣኑም በሞላበት ውስጥ ቱቦ ያደረገ ሰው ሊቆም አይገባውም፤ ከእሳት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። በቤትም ቡና ስናፈላ ከሰሉን ወደ ውጭ አወጣን፥ ዕጣኑንም ተውነው። አፍንጫዋ ሲደርቅ ቅቤ ወይም ቫዝሊን መቀባትንም ከለከልናት፤ ቅባት ከኦክሲጅን ጋራ አይስማማም። ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ቆሻሻ የሚቃጠልበት፥ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ልማድ አለ። በሽታን ለማባረር ተብሎ የሚነሣው ያ ጢስ እንደ እናቴ ላሉት ራሱ በሽታ ነውና፥ እኔን ቢጠይቁኝ ቆሻሻው ቢቀበር እመርጣለሁ።

የንስሐ አባታችንን ወደ ቤት ጠራናቸው። ስለ ጾሙ ለሕመምተኛ ሥርዓቱ የታወቀ መሆኑን ነገሯት። ስለ ጠበሉም ከመድኃኒቱ ጋራ እንደማይጣላ ሲያስረዱ፥ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋራ እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታወሷት። ቀጥለውም «እሜቴ፥ ስንቱ ምእመን ከቅጽሩ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድስ የለምን? እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ» አሏት። አራት ወር የተዘጋው በር የተከፈተው በዚህ ቃል ነው።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ደባርቅ እንሂድ አለች። ሐኪሙ ለዚያ ከፍታ ሌላ መጠን ጻፈላት። ትንሹን መኪና በትከሻዬ፥ ሲሊንደሩን እንዳይንከባለል በገመድ አስረን ከኋላ ወንበር አደረግንና ወጣን። ዳባት ስንደርስ ከንፈሯ ጠቆር ስላለ ግማሽ ሰዓት አሳረፍናት። ሳምንት ልትቀመጥ አስባ ነበር፤ ነገር ግን በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ፥ የሲሊንደሩም መርፌ ወደ ቀዩ እየተጠጋ ሄደ። የእኅቷን የልጅ ልጅ ክርስትና ሳታይ መመለስ ግድ ሆነባት፤ በመንገዱም ሁሉ አኩርፋኝ ነበር።

ታቦቱ ሲያልፍ ግን ከሕዝቡ ራቅ ብላ በበርጩማ ላይ ተቀምጣ አይታዋለች። አንዲት የልጅነት ባልንጀራዋ ቱቦውን አይታ ማልቀስ ስትጀምር፥ እናቴ የሴትየዮዋን መነጽር እያመለከተች «ያንቺ ለዓይንሽ፥ የእኔ ለአፍንጫዬ» አለቻት፤ ከዚያም ስለ ልጆቿ ትጠይቃት ጀመር።