የኮምፒውተሩ ወረርሽኝ እንዴት ተገታ?

የስንዴ ዋግ በነፋስ እየተወሰደ ከማሳ ወደ ማሳ እንደሚዛመት ሁሉ፣ በኮምፒውተር መረብም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛመት አጥፊ ሶፍትዌር አለ።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም መሰራጨት የጀመረው «ዋናክራይ» ቢያንስ በ150 አገራት የሚገኙ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል፤ ሰነዶችን ቆልፎም ለመክፈቻው 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ጠይቋል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገድደዋል።

ለሥርጭቱ መቆም ምክንያት የሆነው ክሪፕቶስ ሎጂክ በተባለ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ይሠራ የነበረው የ22 ዓመቱ እንግሊዛዊ ማርከስ ሃቺንስ ነው። ወጣቱ ሶፍትዌሩን ሲመረምር፣ ባለቤት የሌለው አንድ የድረ ገጽ አድራሻ እንደሚጠራ ተመለከተ። አድራሻውን 10 ዶላር ገደማ ከፍሎ አስመዘገበ። ሶፍትዌሩ ከአድራሻው ምላሽ ሲያገኝ ሥራውን እንዲያቆም ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ወረርሽኙ ተገታ።

ይሁን እንጂ ቀድመው የተቆለፉት ሰነዶች በዚህ አልተከፈቱም። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ከሁለት ወራት ገደማ በፊት አሰራጭቶ ነበር፤ ብዙዎች ግን አልጫኑትም።

አርሶ አደሩ ዋግን የሚቋቋም ዘር አስቀድሞ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ የስልክና የኮምፒውተር ማሻሻያን ሳይዘገዩ መጫን፣ አስፈላጊ ሰነዶችንም በፍላሽ ገልብጦ ለብቻ ማስቀመጥ ከጉዳት ይታደጋል።