ካሜራና ቀጭን ኪስ

የጉዞ ፎቶ ጋዜጠኛ ለመሆን የሚሹ ጓዶች በቅድሚያ የሚያነሡት የቲኬት ዋጋን ነው። የሩቁ ቲኬት ግን ለእኛ አንዴ ተከፍሏል። ሰባስቲያኦ ሳልጋዶም ፎቶ ማንሣትን በቁም ነገር የያዘው የቡና ጉዳይ ኤኮኖሚስት ሆኖ አፍሪካ ሲመላለስ ነበር፤ ሥራውን ትቶ ካሜራውን እንጀራው ያደረገው በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ነው።

ቤይሩት ላለን ተማሪዎች ቡርጅ ሐሙድ በሰርቪስ ታክሲ ይደረሳል፤ እሑድ ዕረፍት የተፈቀደላቸው የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ከሚገናኙባቸው ሠፈሮች አንዱ ነው። ያገለገለ ካሜራና አንድ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል። ባንድ እሑድ መቶ ፎቶ ከመሰብሰብ አሥር እሑድ መመላለስ ይሻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ካሜራው ከቦርሳ ባይወጣም ምንም አይደል።

ፈቃድ መጠየቅ ግን የግድ ነው። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ እህት፣ ፊቷ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። እጆቿን፣ ለእናቷ የምትቋጥረውን ዕቃ ማንሣት ይቻላል። ቀኑን፣ ቦታውንና የነገረችንን በዚያው ምሽት እንጻፍ፤ ስሟን ካልፈቀደች እንተወው።